አሮጌው ላፕቶፕ ይበቃሃል፣ ጣጣው ሌላ ቦታ ነው

የጠየቅከኝን ላሳጥረው። ጥሩ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያው፣ ባጭሩ አምፕ) እና ሁለት ትልልቅ ስፒከር አለህ። 400 ያህል ሲዲ ሰብስበሃል። ከዓመታት በፊት ግማሾቹን ወደ ኤምፒ3 ቀይረህ፣ ያውም በ128 ኪሎቢት፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭነሃቸዋል። ላፕቶፑን ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ከአምፑ ጋር ስታገናኘው ከሥር «እምምም» የሚል ድምፅ አለ፤ ዘፈኑም ታፍኖብሃል። «ለሙዚቃ ሰርቨር ምን ዓይነት ኮምፒውተር ልግዛ? እኔ የምፈልገው ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ በስልኬ እየመረጥኩ መስማት ነው» ብለሃል።

ኮምፒውተር አትግዛ። ሰርቨር ማለት ዘፈኖችህን ይዞ ለስልክህና ለማጫወቻው የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው፤ ለሱ ያለህ ይበቃል፣ ይተርፋልም። የሲዲ ድምፅ ማለት በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት የተጻፈ፣ ግራና ቀኝ ያለው የቁጥር ሰልፍ ነው። ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። ይህ ላረጀ ላፕቶፕ እንኳ ምንም አይደለም። ቪዲዮ ሳይንተባተብ የሚያጫውት ማሽን ሙዚቃ ሲያጫውት እንደተኛ ቁጠረው። ሰው ሁሉ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም ይጨነቃል። እኔ ለዚህ ሥራ ኮምፒውተር ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይጮሃል ወይ? ፋኑ የሚያጓራ ከሆነ ቀስ ያለ ዘፈን በመጣ ቁጥር ትሰማዋለህ። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለ በኤስኤስዲ፣ ማለትም ምንም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ዲስክ ቀይረው፤ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ማሽኑም ነፍስ ይዘራል። የፋኑን አቧራ አስጠርግ። እግረ መንገድህን ባትሪውን እየው። ቀን ከሌት ተሰክቶ የሚውል አሮጌ ባትሪ ያብጣል። የላፕቶፑ ሆድ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ተነፍቶ ካገኘኸው ከሶኬት ነቅለህ ባትሪውን የሚያወጣልህ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ይህ ቀልድ አይደለም።

ገንዘብህ የሚሄደው ወደ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው፣ ጊዜህ ደግሞ ወደ ሲዲዎቹ።

ከ«እምምም»ታው ልጀምር። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ይህን ሞክር። ዘፈን አታጫውት። አምፑን ክፈትና ድምፁን ከወትሮህ ትንሽ ከፍ አድርገው። እምምም ሲልህ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ንቀል። ዝም አለ? መልሰህ ሰካው። እንደገና ጀመረ? እንግዲያው የያዘህ ግራውንድ ሉፕ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ላፕቶፑ በቻርጀሩ በኩል ከምድር ሽቦ ጋር ተያይዟል። አምፑም በራሱ ገመድ፣ ወይም ከሱ ጋር በተያያዘ ሌላ ዕቃ በኩል ከምድር ሽቦ ጋር ተያይዟል። አንተ ደግሞ በሁለቱ መሀል የድምፅ ገመድ ዘረጋህና ክቡን ገጠምከው። በዚያ ክብ ውስጥ የመብራቱ 50 ወይም 60 ኸርዝ ሰርጎ ይዞራል፣ አምፑም ምን አውቆ፣ ሙዚቃ መስሎት ያጎላዋል። አንዳንዱ ሰው መፍትሔ ብሎ የሶኬቱን የግራውንድ እግር ይቆርጣል። ኧረ በጭራሽ! ያ እግር ያለው አንተን ኤሌክትሪክ እንዳይዝህ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑንም አምፑንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይቀንሳል።

ሌላ ዓይነት ጩኸትም አለ። ማውስ ስታንቀሳቅስ ወይም ዲስኩ ሲሠራ አብሮ የሚንጫረር «ጭርርር» ካለ፣ ያ የላፕቶፑ ሆድ ድምፅ ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ክፍል ከፕሮሰሰሩና ከዋይፋዩ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፣ የነሱን ንዝረት ሁሉ ይለቅማል። መድኃኒቱ ይህን ክፍል ከሆዱ ማውጣት ነው። ያቺ ትንሽ ሳጥን ያልኩህ ይቺ ናት። ዳክ ይሏታል። በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ቁጥሩን ትቀበላለች፣ በሁለቱ ቀይና ነጭ ገመዶች ወደ አምፑ ድምፁን ትልካለች።

ስትገዛ ሁለት ነገር ብቻ እይ። አንደኛ፣ ያለ ልዩ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚጫን ፕሮግራም) የምትሠራ ትሁን። ሊኑክስና ማክ እንዲህ ዓይነቶቹን ከድሮ ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በ2017 ነው የዩኤስቢ ኦዲዮ ሁለተኛውን ደረጃ በራሱ መቀበል የጀመረው። ሁለተኛ፣ ከዩኤስቢ ሌላ የኦፕቲካል ቀዳዳም ይኑራት። ለምን? ዩኤስቢ ራሱ የመዳብ ገመድ ስለሆነ ግራውንድ ሉፑን ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ኦፕቲካል ግን ብርሃን ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚሻገርበት ድልድይ የለውም። ላፕቶፕህ የኦፕቲካል መውጫ ባይኖረውም ነገ ሌላ ነገር ታገናኝበታለህ። ከዚያ በላይ አትክፈል። በአንድ ደህና ዳክና በአሥር እጥፍ በሚበልጠው መካከል ያለው ልዩነት፣ ስፒከርህን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ብታርቀው ከምታገኘው ልዩነት ያንሳል። ይህን ስል የሚቀየሙኝ ሰዎች አሉ፣ ይቀየሙ።

አንድ ነገር ሳልረሳው። ገመዱን አምፑ ላይ የት ነው የሰካኸው? «ፎኖ» የሚለው ላይ ከሆነ ቶሎ ንቀል። ያ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ነው፤ የመርፌዋን ደካማ ምልክት መቶ እጥፍ ገደማ ያጎላል፣ ባሱንም እንደ ሸክላው ሥርዓት ይጨምራል። ላፕቶፕ ሲገባበት ድምፁ ይደፈርሳል፣ ይቀደዳል። «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» የሚለው ላይ አድርገው።

መታፈኑ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከፋይሎቹ የመጣ ይመስለኛል። 128 ኪሎቢት ማለት ከ1,411 ውስጥ አንድ አሥራ አንደኛው ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። በስልክና በትንሽ ማዳመጫ አይታወቅም። ትልቅ ስፒከር ላይ ግን ሲምባሉ እንደ ጨርቅ ይንሿሿል። ከሁሉ በላይ ይህን ያዝልኝ፦ እነዚያን ኤምፒ3ዎች ፍላክ ወደሚባለው፣ ከድምፁ ምንም ወደማይጥለው ፎርማት ብትቀይራቸው ምንም አታገኝም። የተጣለው ተጥሏል። ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ድምፁ አይመለስም። ስለዚህ 400ዎቹንም ሲዲዎች ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ማንበብ አለብህ። አዎ፣ አውቃለሁ።

የምታነብበት ፎርማት ፍላክ ይሁን። ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ምንም ሳይጥል የሚያጥፍ ነው። ልብስ አጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደመክተት ቁጠረው፤ ሲከፈት ያው ልብስ ነው። መጠኑን በግማሽ አካባቢ ይቀንሰዋል። የ50 ደቂቃ አልበም 300 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 400ው ሲደመር 120 ጊጋባይት። ዛሬ ይህ የኪስ ፍላሽ ላይ ይገባል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አይፎንና ማክ ከሆነ አላክ የሚባለውን ብትመርጥም ችግር የለውም፤ ሁለቱም ስለማይጥሉ በኋላ ካንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ትችላለህ።

ማንበቢያውን ሶፍትዌር በዘፈቀደ አትምረጥ። የዳታ ሲዲ ስህተት የሚያርምበት ተጨማሪ ንብርብር አለው፤ የሙዚቃ ሲዲ የለውም። ጭረት ሲያጋጥመውና ማረም ሲያቅተው አንባቢው መሀሉን ገምቶ ይሞላና ዝም ብሎ ያልፋል። አንተ አታውቅም። ከወራት በኋላ ዘፈኑ መሀል «ጢክ» ሲልህ ነው የምትነቃው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ወይም ዲቢፓወርአምፕ፣ ማክ ላይ ኤክስኤልዲ፣ ሊኑክስ ላይ ዊፐር ተጠቀም። እነዚህ የተጠራጠሩትን ቦታ ደጋግመው ያነባሉ። ከዚያም አኩሬትሪፕ በሚባለው መዝገብ በኩል ያንተን ውጤት ያንኑ ሲዲ ካነበቡ ሌሎች ሰዎች ውጤት ጋር ያስተያያሉ። ቁጥሩ ከገጠመ፣ በማታውቃቸው ሰዎች ቤት፣ በሌላ ማሽን የተነበበው ካንተው ጋር አንድ ነው ማለት ነው። ሌላ ምስክር አያስፈልግህም።

አንድ የተጫረች ሲዲ ነበረችኝ። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ሲዲ አንባቢው ድራይቭ ይጎተታል፣ ቆም ይላል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና «ዝዝዝ» ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ዘፈን ላይ። አውጥቼ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ጠርዝ ጠረግኳት። በክብ አትጥረግ፣ ጭረቱ በትራኩ አቅጣጫ ከሆነ ይብሳል። መልሼ ሳስገባት ያው። ከዚያ ከሌላ አሮጌ ዴስክቶፕ የወጣ ድራይቭ ላይ አስገባኋት፣ በአራት ደቂቃ ጨረሰችው። ድራይቮች እንደ ሰው ዓይን ናቸው፤ አንዱ የማያየውን ሌላው ያያል። ያልተነበበልህን ሲዲ ቶሎ አትጣል።

አንድ ሲዲ በአማካይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። 400ውን በአንድ ሳምንት ልጨርስ ብትል ትማረራለህ፣ ታግ ላይም (የዘፈኖቹን ስም አጻጻፍ፣ ከታች እነግርሃለሁ) ትዝረከረካለህ። በቀን አምስት አድርግ። ሌላ ሥራህን እየሠራህ፣ ሲጨርስ እያወጣህ እያስገባህ። በ80 ቀን ታልቃለች።

አሁን ታግ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ታግ ማለት ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ስም ነው፤ የዘፋኙ፣ የአልበሙ፣ የዘፈኑ ቁጥር። ሰርቨሩ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ አንተ ፎልደሩን የፈለግከውን ስም ብትሰጠው ብዙም ግድ የለውም። ሚውዚክብሬንዝ ፒካርድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ አልበሞችን ራሱ አውቆ ይሞላልሃል። እሱ ያላወቃቸውን በእጅህ ትጽፋለህ፤ ለዚህ ኤምፒ3ታግ ምቹ ነው።

በግዕዝ ፊደል የምትጽፋቸው ስሞች የራሳቸው ጉድ አላቸው። ዛሬ «ኃይሉ» ብለህ ነገ «ሀይሉ» ካልክ፣ ለአንተ አንድ ሰው ነው፣ ለሰርቨሩ ግን ሁለት ዘፋኝ ተወለደ። «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» ሁሉም እንደዚያው። ከስሙ በኋላ በስህተት የገባች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ሦስተኛ ሰው ትፈጥራለች። እኔ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቼ የዘፋኞቹን ስም አንዴ በወሰንኩት አጻጻፍ ዘረዘርኩ፣ ከዚያ ሁልጊዜ ከዚያው ኮፒ ነው የማደርገው። አሰልቺ ነው። ግን ይሠራል።

ከልዩ ልዩ ዘፋኞች የተሰበሰበ አልበም ሲሆን ደግሞ «የአልበም አርቲስት» የሚባለውን ቦታ አትርሳ። አንድ ሲዲ ላይ 14 ዘፋኝ ካለና ይህን ባዶ ከተውከው፣ ስልክህ ላይ 14 አልበም ሆኖ ይበተናል፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ዘፈን ይዞ። እዚያ ላይ ለሁሉም ዘፈኖች «የተለያዩ ድምፃውያን» ብለህ ጻፍና ይሰበሰባል። የሽፋኑን ፎቶም ፎልደሩ ውስጥ ጨምር።

ሰርቨሩ ራሱ ከዚህ ሁሉ የቀለለው ነው። እኔ የምመክርህ ሊሪዮን ሚውዚክ ሰርቨርን ነው። የድሮው የሎጂቴክ ሚዲያ ሰርቨር ነው፤ ኩባንያው ማጫወቻዎቹን መሥራት ሲያቆም ሶፍትዌሩን ፍቃደኞች ይዘውት በ2024 ስሙ ተቀየረ። ነፃ ነው። ላፕቶፑ ላይ ትጭነዋለህ፣ የሙዚቃ ፎልደሩን ታሳየዋለህ፣ አንብቦ ይጨርሳል። ከዚያ ስኩዊዝላይት የሚባለውን ትንሽ ማጫወቻ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ትጭንና ውጤቱን ወደ ዳኩ ታዞረዋለህ። ስልክህ ላይ ብራውዘር ከፍተህ የላፕቶፑን አድራሻ፣ ከኋላው 9000 የሚለውን የፖርት ቁጥር ጨምረህ ስትጽፍ ሙዚቃህ ይመጣልሃል። ማቴሪያል የሚባለውን ገጽታ ጨምርበት፣ ለስልክ የተሠራ ነው። ሶፋህ ላይ ጋደም ማለት እዚህ ጋ ይጀምራል። ፖርቱን ግን ከቤትህ ውጭ ወደ ኢንተርኔት አትክፈተው።

ሰርቨርና ማጫወቻ የተለያዩ መሆናቸውን አስተውል። ዛሬ ሁለቱም አንድ ላፕቶፕ ላይ ናቸው። ነገ የፋኑ ድምፅ ከሰለቸህ ላፕቶፑን ሌላ ክፍል ወስደህ ስቴሪዮው ጋ አንድ ራስፕቤሪ ፓይ፣ መዳፍ የምታህል ርካሽ ኮምፒውተር፣ ብቻ ታስቀምጣለህ። ፋን የለውም፣ የሚበላው መብራት ከጥቂት ዋት አይበልጥም፣ ፓይኮርፕሌየር የሚባለውን ሲስተም ከጫንክበት ደግሞ ያለ ስክሪን ይሠራል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ቢኖረውም ለስቴሪዮ አትመነው፤ ዳክህን በዩኤስቢ ሰካበት። ያኔ ላፕቶፑና ስቴሪዮው በራውተሩ በኩል ብቻ ስለሚገናኙ፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ያመጣው ግራውንድ ሉፕም አብሮ ይቀራል። ሩን የሚባል የሚከፈልበት ቆንጆ ሶፍትዌርም አለ። ስለ ሙዚቀኞቹ ብዙ ያስነብባል። ለ400 ሲዲ ግን መክፈሉ አይታየኝም።

ኔትወርኩ ላይ ብዙ አትጨነቅ። ፍላክ በሰከንድ ከአንድ ሜጋቢት ብዙም አይርቅም፣ ደህና ዋይፋይ ይሸከመዋል። የሚቆራረጥ ከሆነ ገመድ ዘርጋ። ራውተሩ ላይ ግን ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ስጠው። ያለዚያ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ይቀየርና «ሰርቨሬ ጠፋ» ትለኛለህ።

ዊንዶውስ ላይ የምትቆይ ከሆነ አራት ነገር አስተካክል። ስክሪኑ ሲታጠፍ እንዳይተኛ አድርገው። የሲስተሙን የማሳወቂያ ድምፅ አጥፋ፤ በትልቅ ስፒከር «ዲንግ» ሲል ቤቱን ነው የሚያናውጠው። የድምፅ ማሳመሪያ የሚሏቸውን ሁሉ ዝጋ፣ ለመታፈኑ እነሱም ተጠርጣሪ ናቸው። ማጫወቻው ላይ ደግሞ ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ የሚለውን ምረጥ፤ ያለዚያ ዊንዶውስ ሁሉንም ድምፅ በአንድ መቀላቀያ አሳልፎ 44,100ውን ወደ 48,000 ሊቀይርብህ ይችላል። የላፕቶፑን ድምፅ መቶ በመቶ አድርገህ ከፍታውን ከአምፑ ተቆጣጠር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርገው አምፑን ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ስፒከርህን አደራ።

ስለ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ፋይሎችም ትሰማለህ። የሰው ጆሮ ጫፉ 20,000 ኸርዝ ነው፤ የሲዲው 44,100 እስከ 22,050 ድረስ ይይዛል። በደንብ የተቀረጸ ሲዲ በመጥፎ ከተቀረጸ 192 ይሻላል። ከፈለግክ ግዛ፣ ሲዲዎችህን ግን እንደ ጉድለት አትያቸው።

የመጨረሻው ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነው፣ ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የምነግርህ። የዛሬን አያድርገውና የመጀመሪያውን ስብስቤን ያኖርኩት አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነበር። ስድስት ወር የለፋሁበት። አንድ ማለዳ ስሰካው «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» አለ። ፎልደሩ አልመጣም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ»። በቃ። ሲዲዎቹ ስለነበሩኝ ሙዚቃው አልጠፋም፤ የጠፋው ስድስት ወሩ ነው፣ በእጄ የጻፍኩት ታግ ሁሉ። አሁን ሦስት ቅጂ አለኝ። አንዱ ሰርቨሩ ላይ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ተነቅሎ የሚቀመጥ፣ አንዱ ዘመድ ቤት። ሁለት ዲስክ አንድ ላይ የሚያሠራ ሳጥን፣ ሬይድ የሚሉት፣ ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት ያጠፋኸውን ፋይል ከሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚያጠፋልህ። ሲዲዎቹንም አትሽጣቸው፣ ካርቶን ውስጥ ይቀመጡ።

ለአሁኑ ግን ከሁሉ በፊት የቻርጀሩን ሙከራ አድርግና ውጤቱን ጻፍልኝ። ዝም ካለ መፍትሔውን ነግሬሃለሁ። ቻርጀሩ ተነቅሎም እምምም ካለ፣ ገመዱን ከላፕቶፑ ነቅለህ በአምፑ በኩል ብቻ ተወውና እንደገና ስማ፤ አሁንም ካለ ችግሩ ገመዱ ወይም አምፑ ነውና የአምፑን ሞዴልና ከኋላው የተሰካውን ነገር ሁሉ ዘርዝርልኝ።